የቀን እንቅልፍ

እኛ ቤት ቀኑ ሌሊት ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት የመስኮቶቹን መዝጊያ ትገጥማለች፣ በላያቸው ላይ ውሃ ያስነካችውን አንሶላ ትሰቅላለች፣ ከዚያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች። ከዚያ በኋላ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ማራገቢያው ብቻ ይዞራል። ከአንሶላው ጠብ የሚለው ውሃ ሲሚንቶው ላይ ሳይደርስ የሚደርቅ ይመስለኝ ነበር። በመዝጊያው ስንጥቅ የገባ ቀጭን ብርሃን ግድግዳውን ይዞ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ እኔም በሆዴ ተኝቼ በዓይኔ እከተለዋለሁ። ብርሃኑ ቁም ሣጥኑ ጋ ሲደርስ አባቴ ይነሳል።

አባቴ አሥራት ይባላል። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ የፈረቃ ሠራተኛ ነበር። ፈረቃው በየሳምንቱ ይዞራል ይባል እንጂ አንዱ ሲታመም፣ ሌላው ለስብሰባ ሲጠራ እሱ እየተተካ፣ ሌሊቱ የእሱ ሆኖ ቀረ። ጠዋት ይመጣል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ሽርጡን አገልድሞ ይተኛል። ሲተኛ ትንፋሹ እንኳ አይሰማም። አንዳንዴ በሩ ሥር ቆሜ መኖሩን ለማረጋገጥ ደረቱን አይ ነበር።

ቤቱ ጠባብ ነው። ጓዳ ውስጥ ማንኪያ ቢወድቅ አልጋው ጋ ይሰማል። ስለዚህ እናቴ ማንሾካሾክ ተማረች። እኔ ግን አልተማርኩም፤ ሌላ አነጋገር መኖሩንም አላውቅም። የሠራተኞቹ ሰፈር ልጆች ሁሉ በቀን ያንሾካሹኩ ነበር፤ ልዩነቱ እነሱ ወንድምና እህት ስላላቸው ፀሐይ ስትበርድ ሜዳ ወጥተው እየጮኹ ይካሳሉ። እኔ ብቻዬን ስለሆንኩ ከማን ጋር ልጩህ?

ከበረንዳችን ሲታይ፣ ከሜዳው ማዶ፣ የማጣሪያው ረጅም ቧንቧ ጫፍ ላይ እሳት አለ። ቀን ላይ ፀሐይዋ ስለምትበልጠው ይገረጣል፤ አየሩን የሚያወዛውዝ ቀጭን ጨርቅ ይመስላል። አንድ ቀን አባቴ ጫማውን ሲፈታ ሥራህ ምንድን ነው አልኩት። እሳቷን መጠበቅ ነው አለኝ። ታዲያ ቀን ለምን ትተኛለህ ስለው፣ ካልተኛሁ ሌሊት ዓይኔ ይከደናል አለ። ቢከደንስ? ይህን ሳይመልስልኝ ጋደም አለ። የቀረውን እኔው ጨረስኩት። ድምፅ ካሰማሁ አባቴ አይተኛም፤ ካልተኛ ዓይኑ ይከደናል፤ ዓይኑ ከተከደነ እሳቷ ትጠፋለች። ከዚያ ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ግን ከተማው የሚኖረው በማጣሪያውና በወደቡ ነው ሲሉ ሰምቻለሁና ጥሩ ነገር እንደማይሆን ገብቶኛል።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። ያቺ እሳት የተረፈ ጋዝ ማቃጠያ እንደነበረች፣ አባቴም እሷን ሳይሆን የፓምፕ መለኪያዎችን ሲጠብቅ እንደሚያድር አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ለልጅ ነገር የሚያስረዳ ሰው አልነበረም፤ ልጅ ደግሞ ያልተነገረውን ራሱ ይሞላዋል።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ገባሁ። የመጀመሪያው ቀን የማስታውሰው ጩኸቱን ነው። ግቢው በሙሉ ይጮኻል። ክፍላችን ገብተን ደግሞ ልጁ ሁሉ በአንድ ድምፅ ፊደሉን ይጮኸዋል። የቆርቆሮው ጣሪያ ያስተጋባል፣ መስኮቱ መስታወት ስለሌለው ድምፁ ወጥቶ በአሸዋው ላይ ወደ ሰፈራችን ሲሄድ የማየው ይመስለኛል። አባቴ ሽርጡን አገልድሞ ተኝቶ ታየኝ። እኔ አፌን ከሌሎቹ ጋር እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፤ ድምፅ ግን አላወጣም። ቢያንስ እሳቷን እኔ አላጠፋትም።

መምህራችን እትዬ ጥላነሽ ናት። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች፣ ገና አንድ ክረምት ያልቆየች ወጣት፣ ሙቀቱ አንገቷን አሳክኮት ሁልጊዜ የምታክ። ስታስነሳኝ እነሳለሁ፤ መልሱንም አውቀዋለሁ፤ በሹክሹክታ እነግራታለሁ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ትለኛለች። ይህን የምትለው ባለማወቋ ነው ብዬ አዝንላት ነበር። አጠገቤ የምትቀመጠው ሐሊማ፣ አያቷ በይሉል በምትባል መንደር ዓሣ የሚያጠምዱ የአፋር ልጅ፣ ድምፅዋ የመኪና ጡሩምባ ነው። አንድ ቀን ትዕግሥቷ አልቆ ተነሳች።

«እትዬ፣ እሷ ድምፅ ቤት ረስታ መጣች።»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት በሩ ላይ ስንገናኝ «ዛሬስ ይዘሽ መጣሽ?» ማለት የሐሊማ ሰላምታ ሆነ።

ባንዲራ ሲሰቀልም እንደዚያው ነው። ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር እናሰማለን። እኔ እጄን አነሳለሁ፤ አፌን እከፍታለሁ፤ የሚወጣ ነገር የለም። ያኔ ባንዲራ ሥር ዝም ብሎ መቆም ለስድስት ዓመት ልጅም ቢሆን የሚመከር አልነበረም፤ እኔ ግን የማስበው ስለ አንድ የሚተኛ ሰው ብቻ ነው።

አንድ ከሰዓት እትዬ ጥላነሽ እናቴን በሩ ላይ አገኘቻትና «ብርቅዬ ክፍል ውስጥ ዝም ነው የምትለው» አለቻት። እናቴ ፊቷ በራ። ጨዋ ናት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት አለች።  ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ እጄን አጥብቃ ይዛኝ ነበር፤ ከአረቡ ሱቅ ከረሜላ ገዛችልኝ። ከረሜላውን ድምፅ ሳላሰማ መጠጥኩ። በትክክለኛው መንገድ ላይ እንዳለሁ አልተጠራጠርኩም።

ታኅሣሥ ላይ እትዬ ጥላነሽ ቤታችን መጣች። እናቴ በሩን ስትከፍት ከልማዷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። መምህርቷ ደንገጥ ብላ ጫማዋን አወለቀች፤ በባዶ እግሯ ሲሚንቶው ላይ እየተራመደች ገባች። ጨለማው እስኪለመዳት ድረስ ወንበሩን በእጇ ትዳብስ ነበር። ከዚያ ሁለቱ ማውራት ጀመሩ፣ በሹክሹክታ። ደስ አለኝ። መምህሬ በመጨረሻ የሰው አነጋገር ቻለች።

ዳይሬክተሩ የሚል ሰማሁ። የግማሽ ዓመቱ ፈተና የሚል ሰማሁ። ከፍ ባለ ድምፅ ካላነበበች ቤቷ ትመለስ፣ ለሚመጣው ዓመት ትምጣ፣ አልበሰለችም። እናቴ ደጋግማ ምን አጥፍታ ነው ትላለች። ከዚያ እትዬ ጥላነሽ ዙሪያዋን ተመለከተች። ማራገቢያውን አየች፣ የተሰቀለውን አንሶላ አየች፣ የመኝታ ቤቱን በር አየች።

«ለመሆኑ ለምንድን ነው የምናንሾካሹከው?» አለች።

«እሱ ሌሊት ገብቶ ነው፤» አለች እናቴ።

«ሁልጊዜ ነው እንዲህ?»

«ታዲያስ። እንቅልፉን ካላገኘ እዚያ ፓምፕ ላይ ቆሞ ሊተኛ አይደል? ልጄ ተጠንቅቃ ነው ያደገችው። አንድ ቀን ቀስቅሳው አታውቅም።»

መምህርቷ ዞር ብላ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። እኔ የምትስቅ መሰለችኝ፤ እናቴ ግን ያን ቀን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር ትላለች። ማን ልክ እንደሆነ አላውቅም፤ ቤቱ ጨለማ ነበር።

ማታውን አባቴ ሥራ ከመግባቱ በፊት ተጣሉ። እነሱ ሲጣሉም በሹክሹክታ ነው፤ አሸዋ ላይ የሚጎተት ገመድ ዓይነት ድምፅ። አባቴ ልጅቷ መፈክር ላይ አፏን አትከፍትም መባሉን ከሆነ ሰው ሰምቷል፤ ቤት ውስጥ ምን እያወራችሁ ነው ያሳደጋችኋት ይሉናል ይላል። እናቴ ጥፋቱ የኔ ነው ትላለች። የለም፣ የኔ እንቅልፍ ነው ይላል እሱ። ከዚያ በግልጽ የሰማሁት ይህን ነው፦

«እንግዲያው እኔ ከዚህ ቤት እወጣለሁ። ሌላ መላ የለውም።»

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ እንደ ወትሮው መጣ፣ ታጠበ፣ ቁርሱን በላ። ወደ መኝታ ቤት ገባና ወዲያው ወጣ። ትራሱን በብብቱ ይዟል፤ ሽርጡን አጣጥፎ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። ራሴን ዳበሰኝና ሄደ። እናቴ እስከ በሩ ሸኘችው። ተመልሳ አንሶላውን አወረደች፣ መዝጊያዎቹን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። ብርሃኑ እንደ ውሃ ገባ። ቤታችን ቀን ላይ ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ግድግዳው ሰማያዊ ኖሯል። ቁም ሣጥኑ ላይ አቧራ አለ። እናቴ ጉንጯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለባት። ሰው ለቆት የሄደ ቤት መሰለኝ።

«አባባስ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«አባባ ከእንግዲህ ጋሽ ጫኔ ቤት ነው የሚተኛው። አንቺ እንደ ልብሽ ተናገሪ።»

ይህን ያለችኝ በድምፅ ነው። ድምፅዋ ለብዙ ጊዜ ያልተከፈተ የበር ማጠፊያ ሆኖ ወጣና ራሷንም አሳቃት።

ጋሽ ጫኔ ከሰፈራችን ጫፍ የሚኖር የአባቴ ባልንጀራ ነው፤ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል። ወንደላጤ ስለሆነ ጠዋት ቆልፎ ከወጣ ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ባዶ ነው። መላው ይህን ያህል ቀላል ነበር፦ አባቴ እዚያ ይተኛል፣ እኛ ቤት ውስጥ እንጮኻለን። ለምን በደንብ አላስረዳችሁኝም ብዬ እናቴን ብዙ ጊዜ ተናድጄባታለሁ። ነግረንሽ ነበር ነው መልሷ። እውነቷን ነው፤ ነግረውኛል። እኔ የተነገረኝን የሰማሁት እንዲህ ነው፦ አንቺ ልትናገሪ ነውና አባትሽ ወጣ።

ስለዚህ የበለጠ ዝም አልኩ። ቤትም ዝም አልኩ። ዝም ካልኩ ይመለሳል። እናቴ በመምህርቷ ምክር ራዲዮኑን ከፍ አድርጋ ትከፍታለች፣ ድስቶቹን ሆን ብላ ታንኳኳለች፣ እያዜመች ትጠርጋለች፣ ዜማ ግን አትችልም። እኔ አልጋው አጠገብ ቆሜ የሌለውን ትራስ ቦታ አያለሁ። ጎረቤታችን እትዬ እቴናት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ እናቴን፣ ውባንቺ፣ ሰውየው ጠዋት ጠዋት ትራሱን ይዞ ወዴት ነው ስትላት ሰማሁ። እናቴም ልጄ ጩኸት እየተማረች ስለሆነ ነው አለቻት። እቴናት ራሷን ነቅንቃ ገባች። በሰፈሩ ምን እንደተወራ መገመት አያዳግትም።

አንድ እሑድ ጋሽ ጫኔ መጥቶ በረንዳው ላይ ሻይ ሲጠጣ፣ «አልጋዬ እኮ እንደኛው የፈረቃ ሠራተኛ ሆነ፤» አለ። «ቀን አሥራት ይገባበታል፣ ሌሊት እኔ። አንድም ቀን ሳይቀዘቅዝ ሊያረጅ ነው።» አባቴና እናቴ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። አባቴ የራሱ አልጋ እንኳ እንደሌለው ገባኝ።

እናቴ መላ ስታጣ ተመልሳ ወደ እትዬ ጥላነሽ ሄደች። መምህርቷ የሰጠቻት ምክር እንግዳ ነበር፦ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይውሰዷት፤ ፊደሉን ትጥራልዎት፤ እርስዎ ግን ትንሽ ትንሽ እየራቁ ያዳምጡ። እናቴ በትምህርት ጉዳይ የታዘዘችውን አታጓድልም። ፀሐይ ስትበርድ ይዛኝ መሄድ ጀመረች። ውሃው በዚያ ሰዓት ወፍራም ነው፤ ዘይት ይመስላል። ከባሕሩ ሸሽ ብላ ማዶ ላይ እሳቷ ትታያለች።

እናቴ ጥቂት ራቅ ብላ ትቆምና እጇን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። እኔ «ሀ» እላለሁ፣ ለራሴ። አልሰማሁም ትላለች። ደግሞ ወደ ኋላ ትራመዳለች። በየቀኑ እንዲህ ነበር፤ እሷ ትርቃለች፣ እኔ እሳቷን እያየሁ አንሾካሹካለሁ።

አንድ ቀን ነፋሱ ከበድ ብሎ ነበር። እናቴ ወደ ኋላ እየተራመደች ሄደች፣ ሄደች። ነጠላዋ ይውለበለባል። ከአሸዋው የሚነሳው ሙቀት እግሮቿን አጠፋቸው፤ ከመሬት ከፍ ብላ የምትንሳፈፍ ሆነች። ከዚያ ፊቷ ጠፋኝ። ነጭ ነገር ብቻ ሆነች፣ ትንሽ፣ እየራቀች። አባቴ የወጣው ትራሱን ይዞ ነው። እሷ ምንም አልያዘችም፤ እንዲሁ ልትሄድ ነው።

«እማዬ!»

ማን እንደጮኸ ለማየት ዞር ብያለሁ። ውሃው ዳር የነበሩት ወፎች ተነሱ። ወዲያው እሳቷን አየኋት። በነፋሱ ጎንበስ አለች፣ ዝቅ አለች፣ አበቃላት ስል ቀና ብላ ቆመች። እናቴ ተመልሳ እየሮጠች ትመጣለች ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣችም። እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ አለችና ከሩቅ «ቀጥይ!» አለች። ያን ቀን ፊደሉን ከላይ እስከ ታች ጮህኩት። ለምን ቁጭ እንዳለች ስጠይቃት እስከ ዛሬ እሾህ ወግቶኝ ነው ትላለች። ባሕር ዳር እሾህ የለም።

እሳቷ ያልጠፋችው ነፋሱ ድምፄን ወደ ባሕር ስለወሰደው ነው ብዬ ደመደምኩ። ትምህርት ቤት ግን ነፋሱ ወደ ሰፈር ነው የሚነፍሰው። የፈተናው ዕለት ዳይሬክተሩ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ስሜ ተጠራ። መጽሐፉን ይዤ ተነሳሁ። ልጆቹ ገና ከአሁኑ መሳቅ ጀምረዋል። ቀና ስል በመስኮቱ በኩል ከግቢው ጥግ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ እናቴን አየኋት። እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች። እዚያ ድረስ የሚሰማ ድምፅ ምን ያህል እንደሆነ ከባሕር ዳር አውቀዋለሁ። ወይ እሷ፣ ወይ እሳቷ። አነበብኩ። ጣሪያው እስኪያስተጋባ አነበብኩ። ዳይሬክተሩ በእጁ ይበቃል እያለኝ እንኳ አላቆምኩም። ስቀመጥ ሐሊማ ክርኔን ነካ አድርጋ «መጣልሽ» አለችኝ፣ በሹክሹክታ።

ከእናቴ ጋር ስንወጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ወደ ማዶ ማየት ነበር። ቧንቧው ቆሟል። ጫፉ ላይ ምንም የለም። ሰማዩ ባዶ ነው፣ የማይወዛወዝ፣ ጭልጥ ያለ ባዶ። እናቴ ስለፈተናው ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ለሁሉም እነግራለሁ ትላለች። እኔ ዞር ዞር እያልኩ ቧንቧውን አያለሁ። ከተማው ሁሉ እንደ ወትሮው ነው፤ የጭነት መኪኖቹ ወደ ወደብ ይሄዳሉ፣ ሰው ይሸምታል። እንዳጠፋኋት ገና የሰማ የለም።

ቤት ስንደርስ መዝጊያዎቹ ተገጥመዋል። አንሶላው ተሰቅሏል። አባቴ በጨለማው ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ትራሱ ጭኑ ላይ ነው። ከሥራ እንዳባረሩት ገባኝ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ ያጠፋኋት።»

«ምኑን?»

«እሳቷን። ጮኼ አነበብኩ።»

ማጣሪያው በየዓመቱ ለጥገና ይቆማል፤ ያን ጊዜ እሳቷም ትጠፋለች። ያ ጥገና በዚያ ቀን ጠዋት ተጀምሮ ነበር፤ አባቴ ከማግሥቱ ጀምሮ በቀን እንዲገባ ተነግሮት ነው ትራሱን ይዞ የመጣው። ይህን ሁሉ ሊያስረዳኝ ይችል ነበር። መጀመሪያ እናቴን አያት። ከዚያ እኔን አየኝ፣ እትዬ ጥላነሽ እንዳየችኝ ረጅም አድርጎ። አልሳቀም።

«እንኳን አጠፋሻት፤» አለ። «አድክማኝ ነበር። በይ የዛሬውን ለእኔም አንብቢልኝ።»

«ትተኛለህ እኮ።»

«ለመተኛት ነው።»

ትራሱን በቦታው አድርጎ ጋደም አለ። አልጋው አጠገብ ቆሜ በሹክሹክታ ጀመርኩ። ዓይኑን ሳይገልጥ አልሰማሁም አለ። ከፍ አደረግኩ። ትንሽ ቆይቶ ትንፋሹ ረዘመ፤ ከዚያ ማንኮራፋት ጀመረ። ቆምኩ። ማንኮራፋቱ ቀጠለ። በጣም ከፍ አድርጌ አንድ ዓረፍተ ነገር አነበብኩ፤ አልነቃም። ጆሮው ሥር ሄጄ ባሕር ዳር እንደምጮኸው ጮህኩ፤ ጭራሽ ማንኮራፋቱ ባሰበት። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ገጽ ጨርሼ ወደ ጓዳ ሮጥኩና ለእናቴ «አባባ ተኝቷል!» አልኳት። ያቺን ቃል በድምፅ ስናገራት የመጀመሪያዬ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሁለተኛ ክፍል አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ብሎኝ አያውቅም፤ ዝቅ አድርጊ የሚሉኝ ግን ሞልተዋል። ባለፈው ፋሲካ እናቴ ዘንድ ሄጄ ይህን ሳወራላት፣ ያን ቀን በማንኮራፋት ቤቱን እንዴት እንዳናወጠው እያስመሰልኩ ሳሳያት፣ ሽንኩርቱን መክተፏን ሳታቋርጥ ሰማችኝ።

«ማን፣ አሥራት?» አለች። «አባትሽ በሕይወቱ አንኮራፍቶ አያውቅም።»